ቦቢን ማን አሰለጠነው?

ሥልጠና የሚወድ ሰው ብዙ አላየሁም፤ የሥልጠናን የሻይ ዕረፍት የሚጠላ ግን አንድም አላየሁ። ቦንጋ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ስንት አዳራሽ ተቀምጫለሁ። ንግግሩ ሲረዝም የሚያንጎላጀው ሁሉ ሳምቡሳው ሲመጣ ቀድሞ ይሰለፋል። ይህን ያነሳሁት ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም። ነገሬ ስለ ውሻዬ ነው።

ቦቢ ይባላል። በተከራየሁበት በእትዬ ወይኒቱ ግቢ ከቡችላነቱ ያሳደግኩት ነው። ዓመሉ አንድ ነው፤ እንግዳ አያስገባም። መቼም እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ማለቱ አይቀርም። ያ ድምፅ ከተሰማ ቦቢ አጥሩን ያናውጠዋል። እንግዳውም የቦንጋ ዝናብ እየወረደበት ትንሽ ይቆምና ጭቃውን እየረገጠ ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ፣ እትዬ ወይኒቱ ገበያ ውለው፣ የዕድር ሴቶች እንዲሁ ተመለሱ። ማታ ሰሙና ነደዱ።

«ሰው የማይረግጠው ግቢ ምኑ ግቢ ነው? ነገ ስሞት ማን ሊገባ ነው? ወይ ውሻሽን አሰልጥኚ፣ ወይ ገጠር፣ ዋጫ ወንድሜ ጋ ይሄዳል። በቆሎውን ከዝንጀሮ ይጠብቅ!»

«ኧረ እትዬ፣ ዝንጀሮ ይዘነጥለዋል!»

«እንግዲያው ዝንጀሮ ያሰልጥነዋ!»

ጭንቅ ያዘኝ። ቦቢ ከሌለ በዚህ ከተማ ማን አለኝ? ጎረቤታችንን ጋሽ ገብሬን አማከርኩ። ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው። «ዱላ ነዋ! እኔንም አባቴ ያሳደጉኝ በዱላ ነው» አሉኝ። ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ተኳርፈው እንደሚኖሩ ትዝ አለኝና ዱላውን ተውኩት። ስልኬ ላይ ያገኘሁት ቪዲዮ ደግሞ ሌላ አለ፤ ውሻው የምትፈልጉትን ሲያደርግ ሸልሙት፣ የማትፈልጉትን ሲያደርግ አትሸልሙት።

ይህን ስሰማ ብቻዬን አፈርኩ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ፤ ስትስቁ ስለማላያችሁ ነው የደፈርኩት። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። «ቤቶች!» ሲባል ከቦቢ ይልቅ የምደነግጠው እኔ ነበርኩ። መጋረጃዬን ይዤ ትንፋሼን እውጣለሁ። ሰው ከገባ ምን እንደማወራው፣ እጄንስ የት እንደማኖረው አላውቅም። ቦቢ ጮኾ እንግዳውን ሲመልስልኝ ታዲያ ከደስታዬ ብዛት አጥንት እወረውርለታለሁ። ሁልጊዜ፣ ለዓመታት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ሰፈሩ ያልሰለጠነ የሚለው ውሻ፣ በቦንጋ እንደሱ የሰለጠነ አልነበረም።

ዋጫ ከሚሄድብኝ ሰው ይግባብኝ አልኩ። ዘዴውን ገለበጥኩት። ሲጮኽ ምንም የለም፤ እኔ በሩን ስከፍትና እንግዳው ሲገባ ግን አጥንቱን ከእንግዳው እጅ ይቀበላል። እትዬ ወይኒቱ ለወዳጆቻቸው አስነገሩ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ አጥንቱን ወርውረው ወደ መጡበት ባጃጅ ሮጡ። እያደር ግን ሰዉ ለመደ፣ ቦቢም ለመደ። ጋሽ ገብሬ እንኳ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው አጥንት በፌስታል ይዘው መጡ።

«አይዞህ፣ አልመታህም» አሉት። ቦቢ ጅራቱን ቆላላቸው።

ስለዚህ ዋጫ መሄዱ ቀረ። ግቢያችን ዛሬ ሰው በሰው ነው። እትዬ ወይኒቱ ለመጣው ሁሉ «ይቺ እንግዳ ወዳዷ ልጄ ናት» ይሉኛል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እሳቸው ገበያ ነበሩ። በዝናቡ መሀል «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። እንደ ድሮዬ መጋረጃዬን ይዤ ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም። ቦቢ ወደ አጥሩ ዞር ብሎም አላየ። በሩ ካልተከፈተ አጥንት የለም፤ በሩን የምከፍተው ደግሞ እኔ ነኝ። ቀጥ ብሎ ክፍሌ ደጃፍ መጣና ይጮኽብኝ ጀመር።

«አለች፣ አለች!» አሉ ከውጭ። «ውሻው እየጠራልን ነው።»

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁና ከፈትኩ። እሱ አጥንቱን አገኘ። የእኔን፣ የሰልጣኟን፣ የሻይ ዕረፍት ግን ማንም አላሰበውም።