ትከሻዬ የተናገረው

ሰው ደጉን ከክፉ የሚለየው በአእምሮው ነው ይባላል። የግብረገብ መምህራችን እንዲያውም አእምሮን ጌታ፣ ሰውነትን በቅሎ አድርገው ነው ያስተማሩን። ጌታው ከበቅሎዋ ላይ ሲወድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ለዚያውም የራሴው ጌታ ነበር።

የቁስቋም ጎረቤታችን የእትዬ ስንዱ አንድ ልጅ አዳነ የጭነት ማኪና ረዳት ነበር። ማኪናው ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባ። ወሬው ዓርብ ደረሰን። ሽማግሌዎች መክረው፣ መርዶው እንደ ወጉ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይነገራት፣ እስከዚያ እህል ትቅመስ፣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አሉ። እህል የማስቀመሱ ሹመት ለእኔ ደረሰ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ተሰማ፣ «አንቺ እንኳን ዘወትርም አትናገሪም» አሉኝ። ዓይናፋርነቴ ገና ያን ቀን ለሥራ ተፈለገ!

የሽሮ ድስቴን ይዤ መንገዱን ሙሉ አሰብኩበት። መደበቄ ውሸት ነው? አይደለም፣ ምሕረት ነው። አእምሮዬ ፈረደ፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

እትዬ ስንዱን ለአዳነ እጀ ጠባብ ሲሰፉ አገኘኋቸው። «ሸጋ ጊዜ መጣሽ! የዚያ ቀውላላ ትከሻ ልክ እንዳንቺ ጠባብ ነው፤ ቁሚ ልለካብሽ» አሉኝ። ጨርቁን ሲያሳርፉብኝ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተው ብዬ ብለምነው ማን ሰምቶኝ! እጃቸው እዚያው ላይ ቀረ።

ምነው በረደሽ ወይ አሉኝ። በዚያ በግንቦት ፀሐይ «አዎ» አልኩ።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና እጀ ጠባቡን አንድ እጅጌ እንደጎደለው አጣጠፉት። «ነይ እንብላ፤ ነገ ሰው ይበዛብኛል» አሉ። ጉርሻውን ሁሉ እንደ መድኃኒት ዋጡት። እኔ ሞኟ፣ ድግስ ያለባቸው መስሎኝ በሥራዬ ኮራሁ።

ጎህ ሲቀድ ገባን። አልጋው ወጥቷል፤ ወለሉ ተጠርጎ ሰሌን ተነጥፏል። እትዬ ስንዱ መቀነታቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ጮኹ ብቻ።

ቆይቼ ስጠጋቸው ደረታቸው ላይ አስደግፈውኝ፣ «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ብቻሽን ተሸክመሽው?» አሉኝ በጆሮዬ።

አያ ተሰማ ግን ሰሌኑን እያዩ፣ እግዜር ራሱ አስነጠፋት ብለው ተደነቁ። ምስጢር ቻይነቴንም ለመምህራችን ነገሩልኝ። ሰኞ መምህሩ አእምሮዋ ሰውነቷን የገዛ ተማሪ ብለው ከክፍሉ ፊት አቆሙኝና አስጨበጨቡልኝ። ትከሻዬ እንደገና ጀመረው።

መምህሩ፣ በርዷታል፣ መስኮቱን ዝጉላት አሉ።