እስኪታረቁ የማይቀመጡት ጋሽ የኔሰው

በየከተማው ሳይጠሩት የሚደርስ አንድ አስታራቂ አይጠፋም። የሞጣው ጋሽ የኔሰው ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ቢቸና መናኸሪያ ድንገት አገኘኋቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው አውቶቡስ ውስጥ ቆመዋል፣ በመስኮት ወንበር የተጣሉ ሁለት ተሳፋሪዎችን ይሸመግላሉ። «እስክትታረቁ አልቀመጥም!»

ይቺን ቃላቸውን የማያውቅ የለም። ክቡር ሊቀ አስታራቂ አንድ ጊዜ ያልተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቀው፣ ሚስቲቱ «ለካስ ተቀይሜው ኖሯል!» ብላ ሦስት ቀን አኩርፋለች።

ዘንድሮ ደግሞ እኔ የምደግፈው ክለብ ውስጥ ገቡ። ተከላካዩ ዘመነ ሜዳ ላይ ጉልበቱን ተሰብሮ ሳለ ክለቡ ሊያሰናብተው ነው ተባለ፤ ተጫዋቾቹም ልምምድ አቆሙ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገላው «የማይጫወት ተጫዋች ምን ያደርግልኛል?» አሉ። እሑድ ጨዋታ አለ።

ጋሽ የኔሰው ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ሰሙ። ከወዲያ ወዲህ ሲመላለሱም ያልተባለ መልካም ቃል እየጨመሩ አደረሱ፤ ለዕርቅ የተዋሸ አይቆጠርም ባይ ናቸው። ሠራላቸው። አምበሉ ጉልበት ሊስም ዝቅ አለ፣ አቶ ገላው እንባ አውጥተው አቀፉት፣ ሽማግሌውም እፎይ ብለው ተቀመጡ።

ዘመነ ግን ክራንቹን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ መታረቁንስ ታረቅን። ከነገ ጀምሮ እኔ የክለቡ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» አለ።

ለካ የታረቁት ሰዎቹ ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ጋሽ የኔሰው ከዘራቸውን ፈልገው እንደገና ተነሡ። «ቸኩዬ ተቀምጫለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የውል ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ገላው።

«ይሁና! አንተ ጻፍ፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሙ። ቀድሞ ታቅፈው ባይላቀሱ ኖሮ ወረቀቱን የሚያነሣ እጅ አይገኝም ነበር፤ ወረቀቱ ባይጻፍ ደግሞ እንባው እስከ እሑድም አይዘልቅ። በመጨረሻ አቶ ገላው «እስኪድን አይሰናበትም፤ ሕክምናውም በክለቡ ነው» ብለው ጽፈው ማኅተም መቱ። እሑድ ቡድኑ ሜዳ ገባ፤ ጋሽ የኔሰው ግን እግራቸው አብጦ ሳምንት ተኙ። ሐኪም መቆም ከከለከላቸው ዓመት እንዳለፈ ያን ጊዜ ሰማሁ፤ ስንት ዘመን በዚያች ቃላቸው ስቄ ኖሬያለሁ።

ወደ ማክሰኞው መናኸሪያ ልመለስና፣ ወደ ሉማሜ የምሄድበት መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ሁለቱ ተሳፋሪዎች ሲሳሳቁ አይቼ፣ «ጋሼ፣ ታርቀዋል እኮ፣ በቃ ይቀመጡ» አልኋቸው።

«መታረቁንስ ታርቀዋል» አሉኝ። «እስክሪብቶ ይዘሃል?»