አማቼ የሚያውቀው ቤት

በእኛ በስፔን ሚስት ላገባ ሰው አማች ይመረቅለታል። ከሐኪሙ በላይ በሽታ፣ ከመካኒኩ በላይ መኪና የሚያውቅ የሚስት ወንድም ማለቴ ነው። አገሩን የሚያስተዳድረው መንግሥት ሳይሆን እሑድ ምሳ ላይ የሚሰበሰቡ አማቾች ናቸው ቢሉኝ አልከራከርም። ብከራከርም አልረታም።

የእኔው ክቡር ዶን ፌርሚን ይባላል። ሐብሐብ በጣቱ አንኳኩቶ የሻጩን ባሕርይ ይነግራችኋል። ሠርጌ ላይ ቄሱን አርሟል። አንድ ጊዜ የቧንቧችንን ነገር «ለእኔ ተዉት» ብሎ ገባበትና ከታች ያሉት ጎረቤታችን በባልዲ ውኃ ሲቀዱ ዋሉ። ፌርሚን እጁን እየጠረገ «ጥፋቱ የሕንፃው ነው» አለ። ከዚህ ሰው አፍ «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን ቃል ሳልሰማ እንዳልሞት ስመኝ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ጸደይ ቤተሰቡ በሙሉ ከባርሴሎና በመዝናኛ መርከብ ተሳፈርን። መርከቧ ካዲዝ ልትደርስ ስትል አማቴ ዶኛ ካሲልዳ፣ ባላቸውን በቅርቡ የቀበሩት፣ «በጫጉላችን ጊዜ አንድ ወደብ ላይ የበላነው ጥብስ ዓሣ ትዝ አለኝ። ወይኑን ከበርሜል ነበር የሚቀዱልን» አሉ።

«እዚሁ ካዲዝ ነዋ» አለ ፌርሚን። «ገበያው አጠገብ ነው፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። ለእኔ ተዉት።» ካዲዝን ረግጦ ማወቁን የሰማ ሰው በመሃላችን አልነበረም።

መርከቧ የምትነሳው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፌርሚን እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ከፊት ከፊት እየሄደ በጠባቦቹ የድሮ ሰፈር መንገዶች ይነዳን ጀመር። ከየበሩ የሚወጣው የጥብስ ሽታ ምራቅ ያስውጣል፤ መቀመጥ ግን የለም።

«ይሄ ለቱሪስት ነው» አለ ፌርሚን አንዱ ደጃፍ ላይ ቆሞ።

«እኛስ ምንድን ነን?» አለች ባለቤቴ ሮሲዮ።

«እናንተ ከእኔ ጋር ናችሁ።»

የሚቀጥለው ቤት ዘይቱ የትናንት ነው ተባለ። ሌላው ግድግዳው ላይ የበሬ ራስ ሰቅሏል፤ የበሬ ራስ የሰቀለ ሰው ደግሞ ስለ ዓሣ ምንም አያውቅም። መንገዱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ባሕሩ ላይ ያወጣናል፤ ባወጣን ቁጥር ፌርሚን «ባሕሩን ላሳያችሁ ብዬ ነው» ይላል። ልጆቼ አንድ ደረቅ ዳቦ እየተቀባበሉ ይገነጥላሉ። ዶኛ ካሲልዳ ብቻ የልጃቸውን ክንድ እንደያዙ ይራመዳሉ።

በመጨረሻ ቆመና «ደረስን» አለ።

የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ሱቅ ነበር። ሻጯ ልጅ ብቅ ብላ «ምን ልርዳችሁ?» አለችን። ፌርሚን ቀና ብሎ ማስታወቂያውን አየ፤ ቀጥሎ ያበጡትን የእናቱን እግሮች አየ። ጆሮው ቀላ። አፉን ከፈተ፤ ቃሏ ልትወጣ ነው። ስንት ዘመን የጠበቅኳት ቃል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አሳዘነኝ። ሰውዬው ሳህን የሰበረ ሕፃን መስሎ ነው የቆመው። ሳላስበው «ፌርሚን፣ ወደዚያ ማዕዘን ተዛውሯል ያልከኝ ቤት ያ አይደል እንዴ?» አልኩ፤ ዓይቼው የማላውቀውን መጠጥ ቤት እየጠቆምኩ።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ደረቱን መልሶ ነፋ።

«እሱ ነዋ። እዚህ ያቆምኳችሁ የድሮውን ቦታ ለእማዬ ላሳያት ብዬ ነው።»

ገባን። ሮሲዮ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ጠቀሰችውና «ቤቱ ከስልክ ሽፋኑ ሱቅ ተዛውሮ ነው አይደል?» አለችው፤ ሰውየውም «አዎ እመቤቴ፣ ያዛወሩት አባቴ ናቸው» አለ ዓይኑን ሳያሽ። በኮምጣጤና በከሙን የተዘፈዘፈው ዓሣ ትኩስ ትኩሱን መጣ፤ ወይኑም ከበርሜል ተቀዳ። ዶኛ ካሲልዳ ጣታቸውን እየላሱ «ራሱ ነው» አሉ። ልጃቸው የወይን አቀዳድ ሊያስተምር ወደ ባንኮኒው ሲሄድ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጫጉላችን እኮ ማላጋ ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ክንዴን ይዞ እንዲህ ሲያዞረኝ የዋለ ሰው የለም። ለምን ብዬ ላስቆመው? አደራ፣ እንዳትነግረው።»

ፌርሚን ብርጭቆዎቹን በሁለት እጁ አቅፎ ተመለሰ። ወደድኩት፤ ሌላ ምን ልበል።

«ፌርሚን» አልኩት፣ «ይሄ ወይን ግን ለምንድን ነው ጨው ጨው የሚለው?»

ሮሲዮ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። መርከብ የሚጠብቀው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲህ ላለ ሰው አያቀርብም። ፌርሚን ወንበሩን ሳበና ከባሕሩ ነፋስ ጀመረ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሲጨርስም ስለ በርሜሉ ጠየቅሁት።