ክብርት ቃል አቀባይና አሥራ ሁለቱ መርፌዎች

በሐኪም ቤት መጠበቂያ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ በሽተኛ ነው፤ ሌላው ስለ በሽተኛው የሚናገረው ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው ከየትኛውም ቤተሰብ ጠፍቶ አያውቅም። ሐኪሙ «የት ነው የሚያምዎት?» ሲል ታማሚው አፉን ሳይከፍት እሱ ቦታውን በጣቱ ያሳያል። «ከመቼ ጀምሮ?» ሲባል ቀኑን ከነሰዓቱ ይናገራል። «ያስሉ» ቢባል ሊያስልለት ምንም አይቀረው።

አንዲት ልብስ ሰፊም እንዲህ ያለ ሰው ነበራት፤ ታላቅ እህቷ። ፊት ለፊት «እትዬ» ትላታለች፤ በሆዷ ግን «ክብርት ቃል አቀባይ» ብላታለች። ማዕረጉ ያለ ሥራ የተሰጠ አይደለም። እትዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ነበረች። ሰውየው ውስጥ ቁጭ ብሎ እያንኮራፋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል፣ አምስት ሥራ አስኪያጆች በላይዋ ሲፈራረቁ፣ እሷ ከዚያ በር ሳትነቃነቅ አረጀች። በመጨረሻ በጡረታ ወጣች። አፏ ግን ጡረታ አልወጣም ነበር።

ታናሽ እህቷ ስትታመም ያ አፍ እንደገና ሥራ አገኘ።

የልብስ ሰፊዋ ሕመም ቀስ ብሎ ነበር የገባው። መጀመሪያ ሳቋ ጠፋ፤ ቀጥሎ እንቅልፏ፤ በመጨረሻ እጇ። ጠዋት ሱቋን ከፍታ ከስፌት መኪናው ፊት ትቀመጣለች፣ ክሩን በሁለት ጣቶቿ ይዛ የመርፌውን ቀዳዳ እያየች ትውላለች። ደንበኞች ይመጣሉ፣ ያላለቀ ልብሳቸውን ያያሉ፣ ፊቷን ያያሉ፣ «ግዴለም፣ ሌላ ቀን» ብለው ይወጣሉ። እሷም ሲሄዱ ታለቅሳለች። የሚያስለቅሳት ነገር ምን እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቀውም፤ ደግሞም የሚጠይቃት ቢኖር እትዬ ትመልስላታለች።

ልብስ ሰፊዋ ከሁሉ በላይ የደነገጠችው ግን መርፌ መቁጠር በማቆሟ ነው። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት መርፌ ይቆጠራል። አንዲት ከጎደለች ተንበርክከው ወለሉን ይዳብሱታል እንጂ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የጠፋች መርፌ የሰው ልጅ ልብስ ውስጥ ነው ያለችው ይሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሳታጓድል የቆጠረችውን ትታ፣ አንድ ቀን እንዲሁ መብራቱን አጥፍታ ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ።

ሐኪሙ ድብርት ነው ብሎ ክኒን አዘዘላት። ከማዘዙ በፊት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መኖር የሚያስጠላት ጊዜ እንዳለ ጠየቃት።

«ኧረ በፍጹም» አለች እትዬ። «እኔ ልንገርዎት፣ እሷ ትንሽ ድካም ነው ያለባት።»

ልብስ ሰፊዋ የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር። ሐኪሙ የእትዬን መልስ ጻፈ።

በመርፌ የሚያክም ሰው ያገኘችው እትዬ ናት። ሐኪሙንም ያስፈቀደችው እሷ ናት። ሐኪሙ አኩፓንክቸር የሚባለው የመርፌ ሕክምና ለአንዳንዱ እንደሚረዳ፣ ለሌላው ምንም እንደማያደርግ፣ መሞከሩን ግን እንደማይቃወም ነገራት፤ ክኒኑ እስካልተቋረጠ ድረስ። እትዬ የመጨረሻዋን ቃል እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ ተቀበለች።

በሰፈር ውስጥ ግን ነገሩን ማስረዳት አስቸገራት። «መርፌ እየተወጋች ነው» ስትል ሁሉም የሚገባው ሌላ ነው። ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ አጠገብ መድኃኒት የምትሸጠው ሴት፣ ውስጡ ምን እንዳለበት ጠየቀቻት።

«ምንም የለበትም» አለች እትዬ።

«ባዶ መርፌ ነው የሚወጓት?»

«ባዶ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግላት?»

ክብርት ቃል አቀባይ በሠላሳ ዓመት የአገልግሎት ዘመኗ መልስ ያጣችለት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር ይባላል።

የባለመርፌው ክፍል ከመነጽር መሸጫ በላይ ነው። አንድ ጠባብ አልጋ፣ ነጭ አንሶላ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የእጅ መታጠቢያ። ሰውየው ዝምተኛ ነው፤ «ዶክተር» ሲሉት እንዳልሆነ ይናገራል። መርፌዎቹ ከሸማ መስፊያ መርፌ እጅግ ይቀጥናሉ፣ ከፀጉር ትንሽ ይወፍራሉ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለእጅ አንጓ፣ ለእግር፣ ለጆሮ፣ አንዲት በቅንድቦቹ መሃል፣ አንዲት በአናት ላይ። ከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ማንም አይናገርም። ሕጉ ይኸው ነው።

ሕጉ የወጣው ለበሽተኛዋ ነበር፤ የተሰቃየችው ግን ሌላ ሰው ናት። እትዬ በጥጉ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ፣ አፏን እንደ ኪስ ዘግታ፣ ሰዓቱን ታያለች። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ትተነፍሳለች። አሥር ሲሞላ «ተኝታለች» ብላ ታንሾካሹካለች። ባለመርፌው ጣቱን በከንፈሩ ላይ ያደርጋል። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መጸለይ ትጀምራለች፤ በጸሎቷም ውስጥ ሥራዋን አትተውም። «ጌታ ሆይ፣ እህቴ የምትልህ እንዲህ ነው» ስትል ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን እንደጨፈነች ትሰማታለች። ያላለችውን ሁሉ ብላላታለች። ይሁንና እሷ ራሷ መጸለይ ካቃታት ወራት አልፈዋል፤ ስለዚህ ዝም ብላ ታዳምጣለች፤ ባይሆን አንድ ሰው በስሟ እየተናገረላት ነው።

ባለመርፌው በየቀጠሮው መጀመሪያ ክኒኑን እየወሰደች እንደሆነ ይጠይቃል።

«በሰዓቱ» ትላለች እትዬ። «በእጄ ነው የምሰጣት።»

መስጠቱስ እውነት ነበር። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ከውኃ ጋር ትሰጣትና ስልኳ ሲጮህ ትዞራለች፤ የእትዬ ስልክ ደግሞ ሁልጊዜ ይጮሃል። ክኒኑ አፍ ያደርቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ምን ሰፊ ትባላለች? ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ምላሷ ሥር ትይዘውና ሱቅ ስትደርስ ከቁልፎች ቆርቆሮ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ከሸሚዝና ከካፖርት ቁልፎች መሃል። እትዬ ግን «መርፌው አዳናት» ብላ ለሰፈሩ አውጃለች። እየባሰባት መሆኑን የምታውቀው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች፤ እሷም በስሟ የሚናገር ሰው ስላላት መናገር ትታለች።

በስድስተኛው ቀጠሮ ላይ አንድ ነገር ሆነ። መርፌዎቹ ሲገቡ ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ እያለች እስከ አሥራ ሁለት። ለምን እንደቆጠረች አታውቅም፤ የለመደባት ነገር ነው። ሃያ አምስቱ ደቂቃ አልቆ ባለመርፌው መንቀል ሲጀምርም አብራ ቆጠረች። እሱም በልቡ ይቆጥር ነበር። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን እትዬ የታፈነ ወሬዋ ገነፈለባትና የቀጣዩን ቀጠሮ ቀን፣ የደረጃውን ጨለማ፣ የጉልበቷን ነገር አንድ ላይ ጠየቀችው። ሰውየው እየመለሰላት ነቀለ።

«በቃ፣ ጨርሰናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለች እትዬ፣ የእህቷን ጫማ እያቀረበች።

«አንዲት ቀርታለች» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ድምፁ እንደ ዛገ በር ስለነበር ሁለቱም ማን እንደተናገረ ለማየት ዞሩ።

«ምን ቀረ? እሱ ቆጥሯል እኮ» አለች እትዬ።

«አሥራ ሁለት ገብተዋል። የወጡት አሥራ አንድ ናቸው።»

ባለመርፌው የመርፌ ሳህኑን አይቶ ደነገጠ። አናቷ ላይ፣ በፀጉሯ መሃል ተደብቃ አገኛት። ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ እንዴት እንደቆጠረች ጠየቃት።

«ሥራዬ ነው» አለች።

ያቺን ቃል ከተናገረቻት ስምንት ወር ሆኗት ነበር። «ሥራዬ ነበር» አላለችም። ራሷን ሰማችው፤ የሰማችውም ነገር ሌላውን ጎትቶ አወጣው።

«ክኒኑንም አልወስድም፤ እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከቁልፎች ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው።»

በዚህ ጊዜ ክፍሉ እትዬን ጠበቀ። የባለመርፌው ዓይን፣ የእህቷ ዓይን ወደ እሷ ዞረ። አፏ ተከፈተ። ምንም አልወጣውም።

ባለመርፌው በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። አልተቆጣም። መናገሯ መልካም እንደሆነ፣ መርፌ የክኒኑን ቦታ ሊሞላ እንደማይችል፣ ክኒኑ እጇን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ሐኪሙ ሊለውጥላት እንደሚችል ነገራት። ከዚያም እዚያው ለሐኪሙ ደወለ። ሐኪሙ አሁኑኑ ትምጣ አለ።

ደረጃውን ሲወርዱ እትዬ ዝም አለች። መንገድ ሲሻገሩም ዝም አለች። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ሙሉ የተመኘችውን ዝምታ አግኝታ ሆዷ ባባ።

«እትዬ፣ ተቀየምሽኝ?»

እትዬ ከመንገዱ ዳር ቆመች። «ዝም ስትይ የሄድሽብኝ ይመስለኛል» አለች። «ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ሲቀር እፈራለሁ። ለዚያ ነው እኔ የምመልሰው።»

ሐኪሙ ወረቀቱን ገልጦ የመጀመሪያ ቀን የጠየቃትን እንደገና ጠየቃት፤ መኖር የሚያስጠላት ጊዜ አለ ወይ። እትዬ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨምቃ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጣሪያውን አየች። በፊቷ ላይ ሠላሳ ዓመት የለመደችው መልስ ይመጣና ይመለስ ነበር።

«አንዳንድ ቀን» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ብዙ ቀን። ዛሬ ጠዋትም ነበር።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ሌላም ጠየቃት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ቤት ውስጥ አብሯት ማን እንዳለ። እሷ ግን ያላትን ጉልበት በዚያች አጭር መልስ ጨርሳው ነበር። እትዬ ወደተቀመጠችበት ጥግ ዞረች። እትዬ አሁንም ጣሪያውን እያየች ነው፤ ጉንጯ ላይ እንባ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

«የቀረውን እትዬ ትንገርዎት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች።»

ክብርት ቃል አቀባይ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች፤ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች፤ ቀሚሷን አስተካከለች። ከዚያ ከዚህ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ወደ እህቷ ዞራ በዓይኗ ፈቃድ ጠየቀች።

እህቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«እኔ ልንገርዎት» አለች እትዬ።