ጥቁር አሸዋ የደበቃቸው ቀለበቶች

ሰው ከሰው ይልቅ ዕቃን ያምናል። ጎረቤቱ «መንገዱ ተዘግቷል» ቢለው ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ሰው፣ ያንኑ ስልኩ ሲነግረው እጥፍ ብሎ ይመለሳል። እኔም ከዚያው ወገን ነበርኩ፤ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሁላችንም በዓረብኛው «ጅሃዝ» የምንለውን ዕቃ በዓይኔ እስካየው ድረስ። ጅሃዝ ማለት ረጅም ዱላ ሆኖ ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ነገር ያለው፣ ከመሬት በታች ብረትም ወርቅም ሲያገኝ የሚጮህ ነው። ችግሩ ጥቁር አሸዋ ላይ ያወጡት ዕለት ነው። አሸዋው ራሱ ብረት አለበትና ጅሃዙ ቢያነሱትም ይጮሃል፣ ቢያስቀምጡትም ይጮሃል። በሁሉም ነገር የሚጮህ ደግሞ ምንም አይነግረንም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በኛ ሰፈር እትዬ አስካለ አሉ።

እትዬ አስካለ ባሱንዳ ገበያ ውስጥ ከልብስ ስፌት ቤቴ ግድግዳ ተጋርተው ምግብ ይሸጣሉ። ሁለታችንም በክፉው ዘመን ከአገራችን በሰው ትከሻ ታዝለን የመጣን ነን፤ እኔ መስፋት ተማርኩ፣ እሳቸው መጮህ። በባቄላው ይጮሃሉ፣ በዝንቡ ይጮሃሉ፣ ፉሉን በልቶ ቶሎ በማይነሳው ላይ ይጮሃሉ። ልጃቸው ትርሲት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ወሬ በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሳለች። ይህችን ልጅ ነው ይርጋ የወደዳት። ይርጋ ከመተማ በኩል ለማሽላ አጨዳ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ ጎልማሳ ነው። ሽማግሌ ላከ፣ ቀለበት ታሰረ፣ ሰርጉም ለእሁድ ተቆረጠ። ቀለበቱን ያሠራችለት ራሷ ትርሲት ነበረች፤ በውስጡ የስሟን መነሻ «ት»ን አስቀርጻበታለች።

ሐሙስ ዕለት ይርጋ ገላውን ሊታጠብ ወንዝ ወረደ። ወንዙ እኛ አገር ጓንግ ነው፣ እዚህ ሲደርስ አትባራ ይሉታል፤ ከጎንደር ተራራ ጠርጎ ያመጣውን ጥቁር አሸዋ ዳርና ዳሩ ላይ ያነጥፈዋል። ይርጋ ቀለበቱ በሳሙና ሾልኮ ውሃ እንዳይገባበት አውልቆ አሸዋው ውስጥ ቀበረው። ምልክት እንዲሆነውም ድንጋይ ጫነበት። ታጥቦ ሲወጣ ወንዙ ዳር ሙሉ ድንጋይ ነው።

«ቀለበት ደግሞ ማን ይቀብራል?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ይቀበራል። ከድንበሩ ከተማ ከገላባት በእግርም በሎሪም የሚመጣው ሠራተኛ ወደ ካምቦው፣ ያ ብዙ ሰው ተደራርቦ ወደሚያድርበት የእርሻ ሰፈር፣ ከመግባቱ በፊት ውድ ዕቃውን ወንዙ ዳር ቀብሮ ነው የሚያልፈው። ኪስ ይፈተሻል፣ አሸዋ አይፈተሽም። አጨዳው ሲያልቅ ያወጣና ታጥቦ አገሩ ይገባል። የቆየ ልማድ ነው፤ ማንም ክፉ አያስብበትም።

እትዬ አስካለ ግን አሰቡበት። «ማውለቅ ያልለመደ ጣት እንዲህ ቶሎ አያወልቅም» አሉ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ይሄ ሰው አገሩ ሚስት አለችው። ቀለበቱ ካልተገኘ ሰርግ የለም።» ይርጋ ማተቡን ይዞ ማለ። ትርሲት እናቷን «ዩማ፣ ኸላስ፣ ተይው» እያለች አለቀሰች። እሳቸው ወይ ፍንክች። እኔም አንጀቴ አልችል አለና ሐሰንን ፍለጋ ሄድኩ። ሐሰን ወርቅ ሲፈልግ የኖረ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉን ጥሎ ወዲህ የሸሸ ሱዳናዊ ነው፤ ጅሃዙን ብቻ አልጣለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሐሰንና ከይርጋ ጋር ወንዝ ወረድን፤ እትዬ አስካለና ትርሲትም የገበያውን ሴቶች አስከትለው መጡ። ሐሰን ገና ሲከፍተው ጅሃዙ አገር ይያዝልኝ አለ። ከካምቦው ወርዶ ሲታጠብ የነበረው ሁሉ እጁ ላይ ሳሙናውን እንደያዘ ከበበን። አንዱ «ወርቅ ነው» አለ፤ ሲል አልሰማሁትም፣ ግን አንዱ ብሏል። ከዚያ በኋላ ዶማ ያለው በዶማ፣ ማጭድ ያለው በማጭድ፣ የሌለው በጥፍሩ ቆፈረ። ማጭዱ ሲበዛ ጅሃዙም ባሰበት፣ እሱ በባሰበት ቁጥር ሰዉ ባሰበት። ሐሰን ማጥፊያውን ተጭኖ ጥላ ሥር ተቀመጠና «ያ ዞል፣ ቢሽዌሽ» አለኝ፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ቆፋሪዎቹ እስኪደክማቸው ጠበቀ። ውሃ እስኪወጣ ቆፈሩ፤ የወጣውም ውሃ ነው።

ሲበርድላቸው ብረት የያዘውን ሁሉ አራቀ። ያልተነካ አሸዋ መርጦ ሰሃኑን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ አንዲት ቁልፍ ይነካካ ጀመር። ጩኸቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ጭራሽ ጠፋ። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አሸዋውን እያስለመድኩት ነው» አለኝ። «ከለመደው በኋላ አይጮህበትም። ያኔ ከጮኸ እውነት ነው።»

ከዚያ ሰሃኑን መሬት ለመሬት ቀስ እያደረገ ሄደ። ግራሩ ሥር ሲደርስ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ተሰማ። ሲቆፈር ቀለበት ወጣ፤ ወፈር ያለ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ የብር ቀለበት። አንዱ ተቀብሎ ይርጋ ጣት ላይ ሰካው፤ በልኩ እንደተሠራ ገባ። ሴቶቹ እልልታቸውን ጀመሩ። ይርጋ ግን ቀለበቱን አየና ቶሎ አወለቀው።

«የኔ አይደለም» አለ።

ሰዉ ሁሉ አመሰገነው። ኪሱ ቢከተው ማን ይጠይቀው ነበር? እትዬ አስካለ ብቻ ቀለበቱን ተቀብለው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሳይጮሁ ሲሠሩ አይቻቸው ስለማላውቅ ያመማቸው መሰለኝ።

ጅሃዙ ቀጠለ። ሌላ ቀለበት ወጣ። ሌላም። ቅድም ዶማ ሲሻሙ የነበሩት ጎልማሶች አሁን ሰማዩን ያያሉ። «የማን ነው?» ቢባል እጁን የሚዘረጋ የለም። እንዴትስ ይዘርጋ? የኔ ነው ያለ ባለትዳር ነኝ ማለቱ ነው፤ ከመሃላቸው ደግሞ እዚሁ ሽማግሌ ለመላክ የሚያስብ ነበረበት። የልማዱን ሌላ ጥቅም እኔ ያን ዕለት ነው የተረዳሁት። በመጨረሻ ከድንጋዮቹ መካከል የትርሲት «ት» ወጣች፤ ልጅቷ ቀለበቱን ይዛ እንደ ሕፃን ዘለለች። እሁድ ተዳሩ።

ባለቤት ያጡትን ቀለበቶች እትዬ አስካለ በክር ሰክተው የምግብ ቤቱ በር ላይ ሚስማር መትተው ሰቀሏቸው። «ባለቤቱ ይውሰድ፤ የሚጠይቀው የለም» አሉ። ማንም አልወሰደም። አጨዳው አልቆ ሎሪዎቹ ወደ ገላባት መነሳት ሲጀምሩ ግን፣ የመሰናበቻ ፉሉን በልቶ በወጣው ልክ ክሩ እየቀለለ ሄደ። እሳቸውም በዚያ ሰሞን ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ሰሃን ማጠብ ያበዙ ነበር።

የመጨረሻው ሎሪ ከሄደ በኋላ አንዲት ቀለበት ቀረች፤ ጎኗ የተሰነጠቀችው። ይርጋ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣር ይከድናል፣ ትርሲት ከታች ታቀብለዋለች፣ ይሳሳቃሉ።

«እትዬ፣ ይችስ?» አልኳቸው።

ያ በዝንብ የሚጮህ አፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሄደው ሁሉ የራሱን ወሰደ። ይች ያልሄደ ሰው ናት።»

«ለትርሲት አይነግሯትም?»

«ቀለበት ልክ ስለገባ ሰው አይከሰስም» አሉና ዱካቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። «ቀለበቷን ሊወስድ የተነሳ ዕለት ግን አየዋለሁ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አንዳንዱ ቤት ንጋቱን ባይቸኩል ይሻለው ይሆን፣ እንጃ። ቀለበቷ አሁንም እዚያው አለች። ይርጋ በዚያ በር ሲገባና ሲወጣ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል። በሩ ግን አጭር አይደለም።