በልክ የሚሰማ ጆሮ

ጆሮው ሁሉን የሚለቅም ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። ጆሮ ጠቢ አላልኩም፤ እሱ ሌላ ነው። ለምን አትሉኝም? ነገሩ የቆየ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ጉለሌ ውስጥ ደም ስመረምር የምውል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሳለሁ የሆነ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የተማረ ሁሉ እሁድ እሁድ ሕዝቡን ያንቃ ብሎ አዘዘ። ተራዬ ደረሰ። ከኔ በፊት የነበረው ስለ ዓለም ወዝአደሮች አወራ። እኔ የማውቀው ደም ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ደም ማውራት ደስ አይልም፤ ግን ምን ላድርግ?

ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን ዘበኞች ናቸው ብዬ ጀመርኩ። ዘበኛው ላዩ ላይ እንደ ጆሮ የሚያገለግለው ፕሮቲን አለ፤ መልእክት የሚቀበለው በእሱ ነው። ይህ ፕሮቲን ታዲያ ከሰው ሰው በጥቂቱ ይለያያል። ያቺ ጥቂት ልዩነት የአንዱን ጆሮ ትስላለች፣ የሌላውን ታደነዝዛለች። ከዘበኞቹ አንዳንዶቹ ሥራ ሳይጀምሩ ደረታችን ውስጥ ባለች እጢ ይሠለጥናሉ። እዚያ፣ አልኩ እየሞቀኝ፣ ምንም የማይሰማው ይሞታል። ከመጠን በላይ የሚሰማውም የገዛ ወገኑን ያጠቃል ተብሎ ይወገዳል። አድጎ የሚወጣው በልክ የሚሰማው ብቻ ነው!

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞሮ ሊቀመንበሩን አየ። ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ያኔ ነው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የኔማ ሊቆረጥም ምንም አልቀረው።

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን እያስተካከለ ተነሣ። የገዛ ወገኑን የሚያጠቃ ዘበኛ ይወገዳል ያልከው ማንን ነው? አለኝ። በእኔና በቀበሌው እስር ቤት መካከል አንዲት መልስ ነበረች፤ እሷን ፍለጋ ወረቀቴን አገላበጥኩ።

ከኋላ የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ሸምሱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ይቅርታ ጓድ ሊቀመንበር፤ እኔ እኮ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ሲል ነው የሰማሁት።»

ሊቀመንበሩ ወደ ሕዝቡ ዞረ። እናንተስ? ሁሉም እጅ መታጠብ ነው የሰማነው አሉ። ቃለ ጉባኤ ያዧ የጻፈችውን ሰርዛ፣ ስለ ሳሙና ጠቃሚ ትምህርት ተሰጠ ብላ ጻፈች። ሳሙና ከገበያ በጠፋበት ወቅት! ሊቀመንበሩ ትንሽ አፈጠጠብኝና ተቀመጠ። እሱም በልክ ሳይሰማ አልቀረም።

በማግስቱ ላመሰግናቸው ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሕይወቴን አተረፉልኝ ብላቸው፣ ምን አልክ ልጄ፣ ጆሮዬ እኮ ደክሟል አሉኝ። ጮኼ ደገምኩ። አልሰሙም። ተስፋ ቆርጬ ስወጣ፣ በሩ ላይ፣ እኚህ ሽማግሌስ የምር ደንቁረዋል ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ።

«ሰምቼሃለሁ!» አሉ ከጨው ጆንያው ጀርባ።