ድስቱን ማን አጠበው?

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያልተፈላሰፈ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ስሰለፍ ሰማይ ነው የማየው። ምን ላድርግ? ፊት ለፊቴ ያለው የሰው ማጅራት ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ሰማይ በመሰለበት አንድ ከሰዓት፣ ከእህቴ ልጅ ከሰላም ጋር ወደ አስራ ስምንት ማዞሪያ የሚሄደውን ታክሲ ሰልፍ ይዘናል። ሰላም ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። ለወሬ ያህል ምን እየተማርሽ ነው አልኳት። ስለ ጨለማ ቁስ አለችኝ። ጋላክሲ የሚባለው የከዋክብት መንደር ሲሽከረከር ፍጥነቱ ለጉድ ነው አሉ። የሚታየው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዋክብቱ ድሮ ተበታትነው ነበር። የያዛቸው አንድ የማይታይ ነገር አለ። አያበራም፣ ጥላ እንኳ የለውም።

«ካልታየ መኖሩን በምን አወቃችሁ?»

«ሥራው ይታያላ፣ አክስቴ!»

ይቺ «ሥራው ይታያላ» ሆዴ ገባች። ለምን መሰላችሁ?

እኔ የሰፈራችን የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቆሜ ስም እጠራለሁ። «አቤት» ያለች ተገኘች፣ ዝም ያለች ቀሪ። ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት የቀረች ትሰረዛለች። ተሰረዘች ማለት በምትሞትበት ቀን ድንኳን የሚተክልላት የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ በቅርቡ እትዬ የሺን ሰርዣለሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባን ያለፉ ሴት ናቸው።

ደንብ ነው፤ ምን ያስጨንቃል? የሚያስጨንቀውማ ይሄ ነው። በሦስቱም ለቅሶ፣ ጓሮ ያሉት ትልልቅ ድስቶች ታጥበው፣ ተደፍተው፣ ፀሐይ ላይ ሲያበሩ ተገኝተዋል። አጠብኩ ያለች የለችም። በእኛ እድር አንድ ሳህን ያጠበች ሴት እስከ አርባው ታወራዋለች። በሦስተኛው ለቅሶ ጓሮ ብቅ ስል፣ ድስቶቹ አጠገብ አጥሩ ላይ ነጠላ ተሰቅሏል። ጥለቱ አረንጓዴ። የእትዬ የሺ ነው፤ አውቀዋለሁ። ምናልባት ጓሮ ሆነው ስማቸው ሲጠራ አልሰሙ ይሆናል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ከዚያ ሁሉ በፊት አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ፣ «አንቺ ስም ስትጠሪ ሟቹም ‹አቤት› ሊል ምንም አይቀረው» ብለውኝ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀብኝ። ቂሜን ይዤ ቀሪ ብዬ ጻፍኩ።

ሰላም ቀጥላለች። የዚህ ጨለማ ቁስ ቅንጣቶች ሲጋጩ ይጠፋፉና ጋማ ጨረር ያወጣሉ ተብሎ ይታሰባል። በዓይን አይታይም፤ ከምድር በላይ በሚዞር ቴሌስኮፕ ነው የሚፈለገው። ከጋላክሲያችን መሃል ያልተጠበቀ የጋማ ብርሃን ተገኝቷል…

እኔ የለሁም። ደመናው ተከፍሎ፣ ከዋክብቱ እንደ ድስት ተደፍተው፣ በመሃላቸው አንዲት አሮጊት እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲፈትጉ ይታዩኛል። ነጠላቸው ጨረቃ ላይ ተሰቅሏል።

«እናት፣ አይሄዱም እንዴ? ወይስ እዚሁ ጎጆ ሊቀልሱ ነው?» አለኝ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ። ሰልፉ ጥሎኝ ሄዷል።

በእሁዱ ስብሰባ ተነስቼ ተናዘዝኩ። እትዬ የሺ ሦስቱንም ቀን ጓሮ ድስት ሲያጥቡ ነበር፣ ምልክቱን አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩት በቂም ነው አልኩ። አለቀስኩ። ሴቶቹም አለቀሱ፤ ለቅሶማ ሥራችን ነው። ቀሪውን ሰርዤ በገዛ እጄ «ተገኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሯ ከዛሬ ጀምሮ እትዬ የሺ የክብር ወንበር ይሰጣቸው፣ ሥራም አይንኩ አሉ። ተጨበጨበ።

ከዚያ በቀጥታ እሳቸው ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ነጠላዬን አጥር ላይ አየሁት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ውይ! እኔ እኮ አውሼው፣ ለማን እንዳዋስኩት ጠፍቶኝ ስፈልገው ነው የከረምኩት።»

«ድስቱስ?»

«የምን ድስት? ቤቴ ተኝቼ ነበር። ለቅሶ አልወድም፤ ጉልበቴን ያመኛል።»

ለካ ሰልፉ ላይ እኔ ከድስቶቼ ጋር ስንሳፈፍ፣ ሰላም አንድ ነገር ጨምራ ኖሯል። ያ ብርሃን የጨለማ ቁስ ላይሆን ይችላል፤ ሞተው የሚሽከረከሩ አሮጌ ከዋክብት ያወጡት ሊሆን ይችላል፤ ገና አልተለየም ብላኝ ነበር።

«ሄጄ መዝገቡን ላስተካክል» ብዬ ብድግ አልኩ። እትዬ የሺ ቀሚሴን ጨበጡ።

«አንቺ! ወንበር ሰጥተውኛል አላልሽም? ከቀበራችሁኝ በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ እውነቱን፣ «ቀሪ» ብዬ ጽፌ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። አሁን መዝገቤ ላይ ውሸት ተቀምጧል፤ እኔ ለጥ ብዬ እተኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ነበረን። እትዬ የሺ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ስማቸውን ጠርቼ ሳልጨርስ «አቤት!» አሉ። ቀስ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ድስቶቹ ታጥበዋል።